እህቴ "ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ነው የምሆነው" ብላ ድርቅ አለች፤ መንገዱን የሚያውቅ አለ?

ወንድሟ ከፍራንኮ

ሰላም ለሁላችሁ። አዳማ ፍራንኮ ነው ያደግኩት፣ ባጃጅ ነው የምነዳው፣ ስለዚህ ጥያቄዬ የማያውቅ ሰው ጥያቄ ነው አትሳቁብኝ። ታናሽ እህቴ አምና 12ኛን አልፋ ዩኒቨርሲቲ ገባች፣ ሶሻል ናት፣ አሁን ፍሬሽማን ላይ ናት ዲፓርትመንት ሊሞሉ ትንሽ ነው የቀራቸው። ሕግ ነው የምሞላው አለች። እሺ ጥሩ ነው ጠበቃ ትሆኛለሽ ስላት "ጠበቃ ማን አለ? ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ነው የምሆነው" አለችኝ። እማዬ እንጀራ እየጋገረች ነበር ከምጣዱ ቀና ብላ "እሱ ደግሞ ስንት ይከፈለዋል?" አለች። ሳቅንባት ግን ማናችንም መልሱን አናውቅም።

ነገሩ የመጣው ከወይዘሮ አዳነች አቤቤ ነው። የኛ ከተማ ከንቲባ ነበሩ፣ ከዛ የገቢዎች ሚኒስትር ሆኑ፣ ከዛ መጋቢት 2012 ላይ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ተብለው ተሾሙ፣ የመጀመሪያዋ ሴት። እህቴ ያኔ 7ኛ ክፍል ናት፣ ዜናውን ስታይ "የአዳማ ከንቲባ እኮ ናቸው" እያለች ጎረቤት ለጎረቤት ስትዞር ትዝ ይለኛል። ከዛ ጀምሮ ከአፏ አይወጣም።

እና አምስት ዓመት ተምራ ጨረሰች እንበል። ከዛስ? ፈተና ነው? አገልግሎት ዓመት ነው? ሰው ማወቅ ነው? ሚኒሶታ ያለው አጎታችን ደግሞ ትናንት ደውሎ "እዚህ አገር እኮ እንደ ከንቲባ በምርጫ ነው" አለኝ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ደግሞ የፍትህ ሚኒስትር የሚባለውና ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ አንድ ናቸው ወይስ ሁለት? አንድ ቀን የቀረው ነገር ስለሆነ ቶሎ በሉልኝ።

ያገሬ ልጅ 04

መንገዱ አጭር ነው ወንድሜ። የፓርቲ መታወቂያ ታውጣ። አለቀ። ሕጉን ቀስ ብላ ትማረዋለች።

ባለ 38(ሐ)

ያገሬ ልጅ ያልከውን ሙሉ በሙሉ ውሸት ነው አልልም ግን እንደዚህ ብለህ ለ19 ዓመት ልጅ አይነገርም። እኔ ዐቃቤ ሕግ ነኝ፣ ዘጠነኛ ዓመቴን ይዣለሁ፣ የት እንደሆነ አልናገርም፣ ከአዳማ ሩቅ አይደለም በቃ።

መጀመሪያ ትምህርቱ። ፍሬሽማኑን ጨምሮ አምስት ዓመት ነው፣ መጨረሻ ላይ ኤግዚት ኤግዛም አለ ማለፊያው 50 ነው። ሕግ ላይ ይሄ ፈተና ከሌላው ዲፓርትመንት በጣም ቀድሞ ነው የጀመረው፣ በ2015 ለሁሉም ሲሆን ሌሎቹ ሲጮሁ እኛ "እንኳን ደህና መጣችሁ" ብለናቸዋል ሃሃ። ክልል ላይ ዐቃቤ ሕግ መሆን ከፈለገች ማስታወቂያ ይወጣል፣ ትፈተናለች፣ ስልጠና ትገባለች። የኦሮሚያ የፍትህ ባለሙያዎች ማሰልጠኛ ኢንስቲትዩት ደግሞ እዛው አዳማ ነው፣ በባጃጅህ ታደርሳታለህ። አንድ ነገር ግን አደራ፣ ኦሮሚያ ውስጥ ክሱም ችሎቱም በአፋን ኦሮሞ ነው። ቤት ውስጥ መናገርና ክስ መጻፍ አይገናኙም፣ እኔ በኦሮምኛ ስሳደብ አንደኛ ነበርኩ፣ የመጀመሪያ ክሴን በቁቤ ስጽፍ ግን አለቃዬ በቀይ እስክሪብቶ ገጹን ደም አስመሰለው። ከአሁኑ ታንብብ።

(በነገራችን ላይ በኦሮምኛ ዐቃቤ ሕግ አባ አላንጋ ነው የሚባለው፣ ባለ አለንጋ ማለት ነው። በአማርኛው ዐቃቤ ማለት ጠባቂ ነው። ሕግ ጠባቂና አለንጋ የያዘ ሰውዬ፣ ሥራው በሁለቱ መሃል ነው፣ ቀን ቀን ይለያያል።)

አሁን ሥራው ምን እንደሚመስል ልንገርህ ምክንያቱም እህትህ ያየችው የሹመት ዜና ነው። እኔ የመጀመሪያ መዝገቤ የባጃጅ ባትሪ ስርቆት ነበር፣ አንተን አይቼ አይደለም እውነት ነው። ፖሊስ መዝገቡን በክር አስሮ አመጣልኝ። ሦስት ምስክር አለ፣ ሦስቱም ቃል በቃል አንድ ነገር ነው የሚሉት፣ አራት ነጥቡ ሳይቀር አንድ ቦታ ነው ያረፈው። "ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ተጠርጣሪውን በለበሰው ሰማያዊ ሹራብ ለየሁት" ይላል አንዱ። እኔ ያን ሰሞን ሰፈሩ መብራት በየማታው እንደሚጠፋ አውቃለሁ፣ መብራት ነበር ወይ ብሎ የጠየቀ ሰው ግን የለም። አለቃዬ "ትንሽ ጉዳይ ናት ክሱን ጻፍና ገላግለን" አለኝ። እኔ አዲስ ነኝ፣ እጄ ላይ ወዙ ወረቀቱን አርሶታል፣ ግን በወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 38(ሐ) ተጨማሪ ምርመራ ይደረግ ብዬ መለስኩት። የዚህ ስሜ ምንጭ እሱ ነው፣ ቢሮ ውስጥ "ባለ 38(ሐ) መጣ" ይሉኝ ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ መዝገቡ ተመልሶ መጣ፣ በዛች ሌሊት መብራት አልነበረም፣ ሁለቱ ምስክሮች ደግሞ "እኛ እንኳን አላየንም እሱ ነው የነገረን" አሉ። 42(1)(ሀ) ብዬ ማስረጃው አይበቃም ብዬ ዘጋሁት። የልጁ እናት መጥታ እግሬ ላይ ልትወድቅ ስትል፣ ባለባትሪው ደግሞ ኮሪደር ላይ ቆሞ "ስንት በላህ?" አለኝ። አንድ ብር አልበላሁም። ሰውየው እስከዛሬ ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ ፊቱን ያዞርብኛል። ሥራው ይሄ ነው፣ ከወረዳ ትጀምራለህ፣ በአገልግሎትና በምዘና ደረጃህ ያድጋል፣ ዞን ትመጣለህ፣ ቀንቶህ ክልል ትገባለህ። መሰላሉ ግን እዛ ላይ ያልቃል። ላይኛው ወንበር እድገት አይደለም ሹመት ነው፣ የክልሉ ፕሬዚዳንት ያቀርባል ጨፌው (የክልሉ ምክር ቤት) ያጸድቃል። ሠላሳ ዓመት መዝገብ የገለበጠ ሰው እያለ ከሌላ ቦታ የመጣ ሰው ሊቀመጥበት ይችላል፣ ሆኖም ያውቃል፣ ዐቃቤ ሕግ ሁሉ ይሄን እያወቀ ነው የሚገባው።

ያገሬ ልጅ 04

እኔም እኮ እሱን ነው ያልኩት፣ አንተ በሁለት ገጽ አልከው

ጋሽ ነገረ ፈጅ

ልጆች፣ እኔ በመንግሥት ድርጅት ነገረ ፈጅ ሆኜ 26 ዓመት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ፣ እስቲ ያልተነሳውን ላንሳ።

ወንድሟ፣ መጀመሪያ ጥያቄህን። በፌደራል ደረጃ ዛሬ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የሚባል ሹመት የለም። በ2008 በአዋጅ 943 ፍትህ ሚኒስቴር ፈርሶ በምትኩ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ተቋቋመ፣ የፍትህ ሚኒስትር የነበሩት አቶ ጌታቸው አምባዬ የመጀመሪያው ሆኑ። ከዛ በ2014 በአዋጅ 1263 ተመልሶ ፍትህ ሚኒስቴር ሆነ። ስለዚህ እህትሽ፣ ይቅርታ እህትህ፣ በፌደራል ከሆነ የምትፈልገው ወንበሩ የፍትህ ሚኒስትር ነው የሚባለው፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ያቀርባሉ ምክር ቤቱ ያጸድቃል። ስሙ መቀያየሩ አዲስ ነገር አይደለም፣ አጼ ምኒልክ በ1900 ሚኒስትሮች ሲሾሙ አፈ ንጉሥ ነሲቡ መስቀሎን የፍርድ ሚኒስትር ነበር ያሏቸው፣ ዳኛም እሳቸው የፍርድ አስተዳዳሪም እሳቸው።

ያገሬ ልጅ ያልከውን በተመለከተ ሹመት ፖለቲካ ነው፣ እሱን የሚክድ የለም። ግን እስቲ የተሾሙትን እያቸው። ወይዘሮ አዳነች በከተማ አስተዳደርና በገቢዎች በኩል መጡ፣ አምስት ወር ያህል ሠርተው ነሐሴ 2012 ላይ ወደ አዲስ አበባ አስተዳደር ሄዱ። የተተኩት ዶክተር ጌዲዮን ጢሞቴዎስ ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕግ መምህር ነበሩ፣ ዶክትሬታቸውን ቡዳፔስት ነው የሠሩት፣ ምክትል ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሆኑ፣ ከዛ ዋናው፣ ወንበሩ ስሙን ሲቀይር የፍትህ ሚኒስትር፣ ጥቅምት 2017 ላይ ደግሞ ውጭ ጉዳይ። በሳቸው ቦታ የመጡት ወይዘሮ ሐና አርዓያሥላሴ ከኢትዮ ፖስትና ከኢንቨስትመንት ኮሚሽን ነው የመጡት። አንዷ ከከንቲባነት፣ አንዱ ከክፍል፣ አንዷ ከፖስታ ቤትና ከኢንቨስትመንት። ከወረዳ ዐቃቤ ሕግነት ደረጃ በደረጃ ወጥቶ የደረሰ ሰው ፈልጌ እዚህ ዝርዝር ውስጥ አጣሁ፣ ባለ 38(ሐ) ይህን ስል ቅር አይበልህ።

ሌላው ሰው የማያየው ነገር፣ ላይ ያለው ሰው ሥራ ወንጀል ብቻ አይደለም። መንግሥት ሲከስና ሲከሰስ የሚከራከርለት እሱ ነው፣ ረቂቅ ሕግ የሚያልፈው በሱ እጅ ነው፣ የፌደራል ጠበቆች ፈቃድ ሳይቀር ከዛ ቤት ነው የሚወጣው። እኔ በሥራ ዘመኔ የሞትኩት በወንጀል ሳይሆን በውል ነው። አንድ ጊዜ የግንባታ ውል ላይ ማስረከቢያው ቀን "በተቻለ ፍጥነት" ተብሎ ተጽፎ አገኘሁት፣ ፈርመው ነው ያመጡልኝ! በተቻለ ፍጥነት ማለት ለኮንትራክተሩ ምን ማለት እንደሆነ የገባን ከአራት ዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ ልጅቷ ወንጀል ሕግ ይጥማል ብላ ውልና ታክስ ላይ እንዳትተኛ።

ወንድሟ ከፍራንኮ

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እርስዎ ባይነግሩን ወንበሩ ስሙ መቀየሩን እንኳን አላውቅም ነበር። እህቴ ግን ታውቅ ነበር አሉ፣ "ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የሚለው ስለሚያምር ነው" አለችኝ። ባለ 38(ሐ) ያንተን ሁለቴ አነበብኩት። ባትሪ እኔም ተሰርቄ አውቃለሁና ለሰውየው አዘንኩለት ሃሃ

ብርዱ ሚኒያፖሊስ

የአዳማ ልጆች ሰላም ነው? እኔ ፖስታ ቤት ጋ ነው ያደግኩት፣ አሁን ሚኒያፖሊስ 14 ዓመቴ ነው፣ አጎትህን ሳላውቀው አልቀርም የኛ ሰው እዚህ ሞልቷል። አጎትህ ልክ ነው፣ ቀልድ አይደለም። አሜሪካ ግዛት ሁሉ የራሱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ አለው፣ ከ50ው በ43ቱ ሕዝብ ነው የሚመርጠው። በጥቂቱ ገዥው ይሾማል፣ ሜይን ላይ ምክር ቤቱ ነው፣ ቴነሲ ላይ ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ነው የሚሾመው ለስምንት ዓመት፣ እሱ ለብቻው ነው።

የኛው ኪት ኤሊሰን ነው። ሕግ የጨረሰው በ1990 (ሁሉም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) እዚሁ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ፣ ትንሽ በግል ቢሮ ሠርቶ ከዛ ለድሃ ተከሳሾች የሚከራከር ድርጅት መሪ ሆነ፣ ልብ በሉ ከዐቃቤ ሕግ በተቃራኒው ወንበር ማለት ነው። ከዛ የግዛቱ ምክር ቤት፣ ከዛ ኮንግረስ 12 ዓመት፣ እዛ የገባ የመጀመሪያው ሙስሊም ነው፣ ከዛ 2019 ጥር ላይ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ። ሰው ኮንግረስን ትቶ ለምን ወደ ግዛት ይመለሳል ብለን ስናወራ ነበር ያኔ። ከዛ ፖሊስ እዚህ የገደለው የጆርጅ ፍሎይድ ጉዳይ መጣ። እዚህ የወንጀል ክስ በብዛት የካውንቲው ዐቃቤ ሕግ ሥራ ነው፣ የግዛቱ ቢሮ የሸማች መብት ምናምን የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን ማማከር ላይ ነው የሚያተኩረው፣ ግን ገዥው ጉዳዩን ለኤሊሰን ሰጠው። ፍርዱ ሚያዝያ 2021 ላይ ሲነበብ እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ መጋዘን ውስጥ፣ ፎርክሊፍቱ ሁሉ ቆመ፣ ሱፐርቫይዘሩ ራሱ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይዞልን ነበር፣ "ጥፋተኛ" ሦስት ጊዜ ሲባል አንድ ሽማግሌ ሶማሌ አጠገቤ ቁጭ አለ ዝም ብሎ ካርቶን ላይ።

ግን እኔ ለእህትህ የምነግራት ሰውዬ ሌላ ነው፣ ዋልተር ሞንዴል። በኋላ የካርተር ምክትል ፕሬዚዳንት የሆነው። በ1960 ሚኒሶታ ላይ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሲሆን 32 ዓመቱ ነው፣ ሕግ ከጨረሰ አራት ዓመቱ፣ የነበረው ስለለቀቀ ገዥው ነው የሾመው፣ ሞንዴል ደግሞ የገዥውን ምርጫ ቅስቀሳ ሲሠራ የነበረ ልጅ ነው፣ ስለዚህ ያገሬ ልጅ ደስ ይበልህ። አሁን ስሙ። ፍሎሪዳ ውስጥ ጊዲዮን የሚባል ድሃ ሰውዬ ፑል ቤት ሰብረህ ገባህ ተብሎ ያለ ጠበቃ ተፈርዶበት ከእስር ቤት በእጁ ጽፎ ለአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አቤት አለ። ፍሎሪዳ ለሌሎች ግዛቶች ዐቃቤ ሕጎች ደብዳቤ ላከ፣ ለድሃ ሁሉ ጠበቃ አቁሙ እንዳንባል አግዙን ብሎ። ሞንዴል ደብዳቤው ሲደርሰው እንቢ አለ፣ ብሎም አልቀረ ሌሎቹን አስተባብሮ 22 ግዛቶች ለተከሳሹ ደግፈው ጻፉ። ለፍሎሪዳ የቆሙት ሁለት ብቻ ናቸው። 1963 ላይ ጊዲዮን አሸነፈ። ከሳሽ የሆነ ሰው ለተከሳሽ ጠበቃ ይቁም ብሎ ሲከራከር አስቡት። ቀጥሎ ሴናተር ሆነ ምናምን እሱ የታወቀ ነው። እዚህ ደግሞ ኤጂ (ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ በእንግሊዝኛ ሲያጥር) ማለት "ገዥ መሆን ያማረው" ማለት ነው እያሉ ይቀልዳሉ፣ ቢል ክሊንተንም ካማላ ሃሪስም በዚህ ወንበር አልፈዋል።

ያገሬ ልጅ 04

እንግዲህ እዛም ፓርቲ ነው አላልኩም?

ብርዱ ሚኒያፖሊስ

ፓርቲው ያቀርብሃል፣ ሕዝቡ ሊጥልህ ይችላል። ኤሊሰን በ2022 ያለፈው ከአንድ ፐርሰንት ባነሰ ልዩነት ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ ቆጠራ ስናይ ነው ያደርነው። ልዩነቱ እሱ ነው ወንድሜ።

ጋሽ ነገረ ፈጅ

የሞንዴልን ታሪክ ስላመጣህ ተባረክ። የኛም ሕገ መንግሥት 20(5) ላይ ጠበቃ ማቆም ላልቻለ፣ ፍትህ የሚጓደልበት ከሆነ፣ መንግሥት ያቁምለት ይላል። ጽሑፉ አለን። ተከላካይ ጠበቃው ግን ችሎት ጠዋት ገብቶ መዝገቡን ኮሪደር ላይ ቆሞ ሲያነብ ስንት ጊዜ አይቻለሁ፣ ጥፋቱ የሱ አይደለም አሥር መዝገብ ታቅፎ ነው የሚገባው።

ሕግ 5ኛ ዓመት ሀዋሳ

ሰላም፣ እኔ ሀዋሳ ነው የምማረው ቴሲስ ላይ ነኝ እያለቀስኩ ነው የምጽፈው። እህትህን ሁለት ነገር ንገርልኝ። አንደኛ ሙት ኮርት (የተማሪዎች የልምምድ ችሎት) እንዳያመልጣት፣ እኔ 2ኛ ዓመት ላይ ስገባ እግሬ እየተንቀጠቀጠ "ክቡር ፍርድ ቤት" ማለት ሲገባኝ "ክቡር ቲቸር" አልኩኝ ሙሉ ክፍሉ ሳቀ፣ ግን ከዛ በኋላ ሰው ፊት መቆም አልፈራም። ሁለተኛ ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል ካለ ትመዝገብ። እዛ አንዲት እናት የቀለብ አቤቱታ ልታስጽፍ መጥታ እኔ በሸመደድኩት ቋንቋ "አመልካች ከተጠሪ ጋር በነበራት የትዳር ግንኙነት" እያልኩ ስጽፍላት አይታ "ልጄ እኔ እኮ አመልካች አይደለሁም ከበቡሽ ነኝ" አለችኝ (ስሟን ቀይሬዋለሁ)። ከዛ ቀን ጀምሮ አቤቱታ ከመጻፌ በፊት እስክሪብቶ አስቀምጬ ነው የማዳምጠው። እናትህ የጠየቁትን የደሞዝ ጉዳይ ግን ማንም አልመለሰም ለምንድነው?? እኔንም ያሳስበኛል

ባለ 38(ሐ)

ያልመለስኩት እናቱ እንዳያዝኑ ብዬ ነው። ከባጃጁ ይሻላል ብዬ አልምልም።

ወንድሟ ከፍራንኮ

ሃሃሃ ይሄን ለእማዬ አላነብላትም።

ትናንት ማታ ሁሉንም ለእህቴ በስልክ አነበብኩላት፣ ካርዴ አልቆ እንደገና ሞልቼ። ሕግ ሞልታለች አንደኛ ምርጫ አድርጋ። ስለ ሞንዴል ሳነብላት ዝም ብላ ሰማች፣ ስለ ሹመቱ ስነግራት "እሱን አውቃለሁ" አለች፣ ጋሼ ውል ላይ እንዳትተኛ ያሉትን ጽፋዋለች። ከዛ ስልኩን ልዘጋ ስል "ቆይ፣ ያ ባትሪ የተሰረቀበት ሰውዬ ግን ባትሪውን አገኘው?" አለችኝ። እኔ ምን አውቃለሁ። ባለ 38(ሐ) መልስላት እስቲ።

ባለ 38(ሐ)

አላገኘም። አዲስ ገዛ። ልጁም አልወሰደም ብዬ መማል አልችልም፣ ማስረጃ የለም ነው ያልኩት።

ይሄን ከጠየቀች ግን ስትመረቅ ቁጥሬን ስጣት።